አምስት ልጅ በሁለትና በሦስት ቡድን፣ አራት ልጅ ቤንች ላይ፦ እንዲህ ያለው አመዳደብ ፍትሐዊ ነው?

የወላጅ ኮሚቴ ድሬ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ያከራከረን ጉዳይ አለ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲመልስልን ነው።

ድሬ ውስጥ ያለ የሰርከስና የጂምናስቲክ ክለብ ነው። ልጆቹ 31 ናቸው፣ ከ8 እስከ 14 ዓመት። ሦስት ቡድን አለ፦ ጀማሪ 12 ቦታ፣ መካከለኛ 12 ቦታ፣ የትርኢት ቡድን 10 ቦታ። አምስት ልጆች ከአንድ በላይ ቡድን ውስጥ ይሠራሉ። ሁለቱ ሦስቱም ቡድን ውስጥ አሉ፣ ሦስቱ ደግሞ ሁለት ሁለት ቡድን ውስጥ። ከአምስቱ አራቱ፣ ሌሎች ተሸክመዋቸው ላይ የሚወጡ ቀለል ያሉ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ብቻ ከታች የሚይዝ ጠንካራ ተሸካሚ ነው። በሌላ በኩል አራት ልጆች ልምምድ ይመጣሉ፣ ወርሃዊ ክፍያ ይከፍላሉ፣ የትኛውም ቡድን ውስጥ ግን ቋሚ ቦታ የላቸውም።

እያንዳንዱ ቡድን በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት ተኩል ይለማመዳል። የሦስቱ ቡድን ቀን የተለያየ ነው። እሑድ ደግሞ የሁለት ሰዓት የፒራሚድ ልምምድ አለ። ሦስቱም ውስጥ ካሉት ልጆች አንዷ 9 ዓመቷ ነው።

አሠልጣኙ “ጎበዞቹ ጀማሪዎቹን ይጎትታሉ፣ ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሲደርስም ትርኢቱ አያሳፍርም” ይላሉ። ግማሹ ወላጅ ይስማማል፤ ግማሹ የልጆቻችን ቦታ ተወሰደ ይላል። ማን ልክ ነው? በምን መለኪያ? “ጎበዝ ስለሆነ ይገባዋል” እና “ሁሉም ልጅ እኩል ነው” ሲባባሉ መዋል ሰልችቶናል።

ሳቢያን አሠልጣኝ

መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩት፤ ግማሹ ክርክር እዚያው ያልቃል። ቦታው 34 ነው፣ ልጁ 31። እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቦታ ቢይዝ ሦስት ቦታ ይተርፋል። ማንንም ሳይገፋ በድጋሚ ሊሰጥ የሚችለው ቦታ እንግዲህ ሦስት ብቻ ነው። አሁን አምስቱ ልጆች የያዙት 12 ቦታ ነው፣ ከድርሻቸው በላይ ሰባት። ከሰባቱ ሦስቱን ብትቀንሱ አራት ይቀራል። ቤንች ላይ ያሉት አራት ልጆች እነሱ ናቸው። ችሎታቸው አንሶ ነው ለማለት እንኳ አይቻልም፤ ማንም ይሁን ማን አራት ልጅ መትረፉ አይቀርም ነበር።

ይህን ሂሳብ ለአሠልጣኙ በወረቀት አሳዩት። ስለ አድልዎ ሳታነሱ ቁጥሩን ብቻ። አብዛኛው አሠልጣኝ የሚያስበው ቡድን በቡድን ስለሆነ ሦስቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጦ አያየውም።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ የምትደጋግሙት ልጅ የት ቦታ ላይ ነው የሚለው ነው። ልምድ ያለው ልጅ ወደ ጀማሪ ቡድን ወርዶ ታች ተሸካሚ ወይም ከኋላ ጠባቂ ሲሆን ጀማሪዎቹን በእርግጥ ይጠቅማል። ሁለት ጀማሪዎች ለብቻቸው ሰው ሲያነሱ የሚያጠፉት ጥፋት ሁልጊዜ ያው ነው፦ ጉልበታቸውን አጥፈው በመነሳት ፈንታ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ይነሳሉ፣ ክርናቸው ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱ የለመደ ከሆነ ሌላው አተነፋፈሱን ሳይቀር ይቀዳል።

ላይ የምትወጣው ልጅ ስትወርድ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ከላይ ሚዛን መጠበቅ የሚለመደው ላይ በመቆም ነው፤ ታች ሆኖ በማየት የለመደ ልጅ የለም። ስለዚህ እሷ የወጣችባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከሌላ ጀማሪ ትምህርት ላይ የተቆረጠች ናት። ሌላም አለ። የለመደች ልጅ ሆዷንና እግሯን አጥብቃ ትቆማለች፣ ለተሸካሚዎቹ ቀላል ናት። ሰውነቱን ያላላ 25 ኪሎ ልጅ ካጠበቀ 30 ኪሎ ልጅ ይልቅ ለማንሳት ሊያስቸግር ይችላል። ተሸካሚዎቹ በሷ ብቻ ከለመዱ፣ በቀረችበት ቀን ጀማሪ ልጅ ሲያነሱ እጃቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ ነው ልጅ የሚወድቀው።

ስለዚህ ታቹን አውርዱ፣ ላዩን አታውርዱ። እናንተ ጋ የተደረገው ግልባጩ ነው።

ታች ሲወርድም ቁመት ይታይ። ሁለት ተሸካሚዎች የአንድ ልጅ ሁለት እግር ሲይዙ ትከሻቸው እኩል ካልሆነ መቆሚያው ያዘማል፣ ላይ ያለው ልጅም የሚያጋድለው ሁልጊዜ ወደ አጭሩ ነው። ከአራት ሳንቲ ሜትር በላይ ከተበላለጡ አላጣምራቸውም። ረጅሙን ከኋላ ጠባቂ አድርጉት፤ ቁመት እዚያ ይጠቅማል።

የስፖርት መምህር፣ ሐረር

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ይሄ ጉዳይ አብዝቶ የሚያከራክረው በአሜሪካ የክለብ ቺርሊዲንግ (በቡድን ሰው እያነሱና እየተገለባበጡ የሚወዳደሩበት ስፖርት) ስለሆነ እዚያ ምን እንደሚሉ ላካፍላችሁ።

እዚያ ቡድኖች ከ1ኛ እስከ 7ኛ ደረጃ ተከፍለዋል። ደንቡን የሚያወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዩኤስኤኤስኤፍ የሚባለው አካል ነው። ከአንድ በላይ ቡድን ውስጥ የሚሠራውን ልጅ “ክሮስኦቨር” ይሉታል። የመገለባበጡን ደረጃ በቀላሉ ብንመለከት፣ 1ኛ ላይ ወደፊትና ወደኋላ መንከባለል፣ ካርት ዊል (በእጅ ተደግፎ ወደ ጎን እንደ መንኮራኩር መዞር) እና የመሳሰሉት ናቸው። 2ኛ ላይ ወደኋላ በእጅ መገልበጥ ይፈቀዳል። ሳልቶ (እጅ መሬት ሳይነካ አየር ላይ መገልበጥ) በሩጫ መነሻ 3ኛ ላይ ይመጣል፣ ከቆሙበት ሳልቶ መምታት ደግሞ 4ኛ ላይ። ልብ በሉ፤ 4ኛ ደረጃ የሚሠራ ልጅ 2ኛ ደረጃ ቡድን ውስጥ ቢገባ ሳልቶ መሥራት አይችልም፣ የሚገዛው የገባበት ቡድን ደንብ ነው።

ታዲያ ለምን ያስገቡታል? ዳኛ ነጥብ የሚሰጠው ለከባድነቱ ብቻ አይደለም፤ ለጥራቱም ይሰጣል። ጉልበቱ የማይታጠፍ፣ ሲያርፍ የማይንገዳገድ ልጅ ቀላሉን ሲሠራው ንጹሕ ይሆናል። ቡድንን ከችሎታው በታች አሰልፎ ማሸነፍን “ሳንድባጊንግ” ብለው ይወቅሱታል። እኛ ጋ ዳኛና ነጥብ ባይኖርም የወላጆች ቀን ጭብጨባ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጀማሪ ቡድን ትርኢቱ ጀማሪ ቢመስል ምን ነውር አለው? ወላጅ ልጁ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ምን እንደተማረ ማየት አለበት።

የናንተ ክለብ የጎደለው ደረጃው የተጻፈ አለመሆኑ ይመስለኛል። “መካከለኛ” ማለት ምን ማለት ነው? በዕድሜ ነው? በአሠልጣኙ ዓይን ነው? አንድ ገጽ በቂ ነው። ለምሳሌ ከጀማሪ ለማለፍ ወደፊትና ወደኋላ መንከባለል፣ ካርት ዊል በቀኝም በግራም፣ ግድግዳ ተደግፎ በእጅ መቆም 10 ሰከንድ፣ የሌላ ልጅ ጭን ላይ ቆሞ 5 ሰከንድ መቆየትና ሳይዘሉ መውረድ። “በግራም” የሚለውን አትዝለሉት፤ በአንድ ጎን ብቻ የለመደ ልጅ ፒራሚድ ላይ የተመደበበት ጎን ሲቀየር ይጠፋበታል። ፈተናውን በሁለት የተለያዩ ቀናት ያድርግ፣ ውጤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ ቡድን የሚሰጠው ልጅም ምክንያቱ ከስሙ ጎን ይጻፍ፦ “ተሸካሚ ስለጎደለ” ወይም “ተጠባባቂ”። መጻፍ የሚያሳፍር ምክንያት ከሆነ ምክንያቱ ልክ አልነበረም ማለት ነው።

ለገሃሬ 14

አቦ፣ ነገሩን ጨርሶ ክልክል አታድርጉት። ልጁ 14 ብቻ የሆነበት ክለብ አንድን ልጅ ሁለት ቦታ ካላሠራ ትርኢት የለውም። አንድ ልጅ ለማንሳት ሁለት ተሸካሚ፣ አንድ ከኋላ ጠባቂና ላይ የሚወጣው፣ አራት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ኩፍኝ ቢይዘው ሌላ ከየት ይመጣል?

ወደ ላይ መሻገርን ደግሞ ከወደ ታች ለዩት። የመካከለኛ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ከትርኢት ቡድኑ ጋር በተጠባባቂነት ቢለማመድ የማንንም ቦታ አይወስድም፣ የሚሞላው የሚቀርን ሰው ቦታ ነው። እናንተን እኔ የማስፈራራችሁ በሌላ ነው፦ አንዷ ልጅ ሦስቱም ቡድን ላይ ጫፍ የምትወጣ ከሆነ፣ በትርኢቱ ዋዜማ ቁርጭምጭሚቷ ቢጠመዘዝ በአንድ ጊዜ ሦስት ትርኢት ይፈርሳል። አሠልጣኙ ለትርኢቱ ብለው ነው ያደረጉት፤ ትርኢቱን ግን በአንዲት ልጅ እግር ላይ አቁመውታል።

ፊዚዮ ሐረር

ስለ ፍትሕ እናንተ ተነጋገሩ፤ እኔን የ9 ዓመቷ ልጅ ናት ያስደነገጠችኝ። ሦስት ቡድን፣ በየቡድኑ በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ ዘጠኝ። እሑድ ሁለት፣ በድምሩ 11 ሰዓት። የሕፃናት የስፖርት ሕክምና የሚመክረው ቀላል ልክ አለ፦ ልጅ በሳምንት የሚሠራው ስፖርት ሰዓቱ ከዕድሜው ቁጥር እንዳይበልጥ። የትምህርት ቤቱም ይቆጠራል። ለሷ ዘጠኝ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ሳንጨምር አልፋለች። ቀኑንም ቁጠሩት፤ የሦስቱ ቡድን ቀን የተለያየ ከሆነ ስድስት ቀን ነው፣ እሑድ ሲጨመር ሰባት። ይህች ልጅ የእረፍት ቀን የላትም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ በዓመት ውስጥም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ከዚህ ስፖርት ማረፍ አለባት። ክረምቱ ለዚህ ይመቻል።

ይህን እያንዳንዱ ቡድን ለብቻው አያየውም። ለጀማሪው አሠልጣኝ በሳምንት ሦስት ሰዓት ብቻ የምትሠራ ልጅ ናት። ለዚህ ነው መዝገቡ በቡድን ሳይሆን በልጅ ስም መያዝ ያለበት። በሰዓት ብቻም አይበቃም፤ ስንት ጊዜ ተነሳ፣ ስንት ጊዜ ዘሎ አረፈ፣ ስንት ጊዜ ወደኋላ ተለጠጠ የሚለው ይጻፍ። ወገብን የሚጎዳው ልጠጣው ነው። እያደገ ያለ አጥንት ላይ ድልድይ መሥራትና (እጅና እግር መሬት ላይ ሆኖ ሆድን ወደላይ መቀሰት) ወደኋላ መገልበጥ ሲበዛ የወገብ አከርካሪ ኋላኛው ክፍል ሊሰነጠቅ ይችላል። ልጁ በአንድ እግር ቆሞ ወደኋላ ሲለጠጥ በአንድ ጎን ቆንጠር ካደረገው አቁሙት፣ ሐኪም ይየው። በእጅ መቆም የሚያበዛ ልጅ ደግሞ የእጁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣቱ በኩል ካመመው አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። በመጠቅለያ ጨርቅ አስሮ መቀጠል መፍትሔ አይደለም።

አሁን ወደ ጠንካራው ተሸካሚ ልጅ። “ታቹን አውርዱ” የተባለው ጥሩ ሆኖ፣ የሱንም ሸክም ደምሩ። አሥር ልጅ ያለው ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በጉልበትና በእጅ ተንበርክኮ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚደረደረውን ፒራሚድ ነው። ሁሉም 30 ኪሎ ይሁኑ። ጫፍ ላይ ያለው ክብደቱን ከሥሩ ላሉት ሁለት ያካፍላል፤ 15፣ 15። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዳርና ዳር ያሉት 22.5 ኪሎ ይሸከማሉ፣ መካከለኛው 45። ታችኛው ረድፍ ላይ ዳር ያሉት 26 ኪሎ ግድም፣ መካከል ያሉት ሁለቱ ግን 63.75 ኪሎ እያንዳንዳቸው። 30 ኪሎ ልጅ ከራሱ ክብደት እጥፍ በላይ በአንጓው፣ በትከሻውና በጉልበቱ ይዟል። አንዱን ደርብ ቀንሳችሁ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ብታደርጉት ታች መካከል ያለው ልጅ 45 ኪሎ ብቻ ነው የሚደርስበት። ለሕፃናት እኔ ከሦስት ደርብ አላልፍም፤ ሙሉውን ፒራሚድም በአንድ ቀን ከስድስት ጊዜ በላይ አላስደግምም። ጠንካራው ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ መካከል ነው የሚደረገው፣ ሁለት ቡድን ውስጥ ከሆነ በሁለቱም መካከል።

የሚረገጥበትም ቦታ ይታይ። እግርም ሆነ ጉልበት ማረፍ ያለበት ዳሌው አጥንት ላይ ነው፣ እጅ ደግሞ ትከሻው ላይ። ጀርባው መካከል ላይ በፍጹም።

ቁመታቸውን በየሁለት ወሩ ለኩ። በሁለት ወር ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ የጨመረ ልጅ በፍጥነት እያደገ ነው፤ ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ 11 እና 12 ዓመት ላይ፣ ወንዶቹ 13 እና 14 ላይ። በዚያ ጊዜ ሁለተኛ ቡድን አይሰጠው፤ ልጠጣና ዝላዩም ይቀንስ። ክብደት የምትመዝኑ ከሆነ ደግሞ ለብቻ ይሁን፣ ቁጥሩ በጓደኞቻቸው ፊት አይጠራ። ላይ የሚወጡ ልጆች ቦታቸውን እንዳያጡ ብለው ምግብ መተው የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

የድሬ ሙቀትንም አትርሱ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ ከ9 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በየ20 ደቂቃው ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ውኃ ይጠጣ፣ ማለትም ከግማሽ ብርጭቆ እስከ አንድ ብርጭቆ። ለሚጾሙ ልጆች የረመዳን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ይሁን ወይም ቀን ላይ ማንሳት የሌለበት ቀላል ሥራ ይሰጣቸው።

የወላጅ ኮሚቴ ድሬ

እግዜር ይስጥልን፤ ሂሳቡን ዛሬ ማታ ለአሠልጣኙ እናሳያለን። ሁለት ነገር ቀረን። ልጅቷን ከሁለት ቡድን ብናወጣት ቅጣት አይመስላትም? አራቱንስ ልጆች እንዴት እናስገባ? እስከ ሰኔ ሁለት ወር ነው ያለን።

ሳቢያን አሠልጣኝ

ሁለት ወር ይበቃል። ልጅቷን ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት እናቷ ባለችበት አነጋግሯት፤ ችሎታዋ የሚመጥነው አንዱ ቡድን የሷ መሆኑን፣ የቀረው ጊዜ የእረፍቷ መሆኑን ንገሯት። የቡድን ጓደኞቿ ፊት አይነገራት። ለጀማሪዎቹ አሳዪ ብላችሁ በየልምምዱ አትጥሯት፤ በዚያ በኩል ተመልሳ ትገባለች።

ከሚተርፉት ሦስት ቦታዎች አንዱን ለተሸካሚው ልጅ ጀማሪ ቡድን ውስጥ ስጡት። እሑድ ግን መካከል አይሁን፣ ዳር ይሁን። ሁለቱን ለተጠባባቂ አቆዩ።

አራቱን ልጆች፣ ላይ የሚወጡ ከሆኑ፣ አወራረድ ከማስተማር ጀምሩ። ይሄ ሁልጊዜ ይዘለላል። 40 ሳንቲ ሜትር ከምትሆን አግዳሚ ወንበር ላይ በሁለት እግር ማት ላይ ማረፍ፣ ጉልበት ታጥፎ፣ እግር በዳሌ ስፋት፣ ዓይን ወደፊት። አንድ ሳምንት ሙሉ እሱ ብቻ። ቀጥሎ የተቀመጠ ልጅ ጭን ላይ መቆም፣ ከዚያ የተንበረከኩ የሁለት ልጆች ዳሌ ላይ፣ ከዚያ በቆሙ ተሸካሚዎች እስከ ወገባቸው። እያንዳንዱን ደረጃ በሦስት የተለያዩ ቀናት አምስት አምስት ሰከንድ ሳይንቀጠቀጡ ካልቆሙ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ሰኔ ላይ ወገብ ድረስ ከደረሱ ጀማሪ ቡድን በደንብ ሠርቷል። እጅና እግር ሲያልባቸው ስለሚያንሸራትት ደረቅ ፎጣ ከማቱ ጎን ይኑር፣ ከእያንዳንዱ ማንሳት በፊት ይጠረግ።

አንድ ነገር ግን ሰኔን ሳትጠብቁ ነገውኑ አስተካክሉ፤ አቆጣጠሩን። ሁለት ቡድን ውስጥ የሚሠራ ልጅ ባለበት ክለብ ሁሉ ይሄ አደጋ አለ። አንዱ ቡድን “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ብሎ ሦስት ላይ ያነሳል። ሌላው “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሆ!” ብሎ ሆ ላይ። ሁለቱንም የለመደው ልጅ ሲደክመው ያቀላቅላል፤ እሱ ሦስት ላይ ሲነሳ ጓደኛው ገና ጉልበቱን እያጠፈ ነው፣ ላይ ያለችው ልጅ አንድ እግሯ ወጥቶ አንዱ ይቀራል። ሦስቱም ቡድን አንድ ቆጠራ ይኑረው፦ አንድ ላይ መያዝ፣ ሁለት ላይ ጉልበት ማጠፍ፣ ሦስት ላይ ማንሳት። የሚቆጥረውም ከኋላ ያለው ጠባቂ ብቻ ይሁን፣ ሁሉንም የሚያያቸው እሱ ስለሆነ። “ውረድ!” የሚለውን ቃል ግን ማንም ልጅ፣ ታች ያለውም ቢሆን፣ መጥራት ይችላል፤ ከተጠራ ለምን ሳይባል ወዲያው ይወረዳል፣ የጠራውም ልጅ አይወቀስም።